የማይልስ ዴቪስ «ኦን ዘ ኮርነር»፦ ከቤዙ ጀምራችሁ ስሙት

ይህን አልበም ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ አቋርጬዋለሁ። በሦስተኛው ያዘኝ። አሁን ከሱቄ የማይጠፋ ሙዚቃ ሆኗል። እናንተም እንደኔ ጀምራችሁ እንዳትተዉት ብዬ ነው ረዘም አድርጌ የምጽፈው።

እኔ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ስፒከርና አምፕሊፋየር እጠግናለሁ። አንዱን ጠግኜ ስጨርስ የምሞክርበት ሙዚቃ ያስፈልገኛል። ለዓመታት የምሞክረው በሠርግ ዘፈን ነበር፣ ደንበኛው ወስዶ የሚያጫውተውም እሱኑ ስለሆነ። አንድ ጊዜ ከኮምቦልቻ አንድ ትልቅ ስፒከር መጣልኝ። እየተርገበገበ ድምፅ የሚያወጣው ወረቀቱ ተቀዷል፣ ወረቀቱን የሚገፋው የሽቦ ጥቅል፣ ኮይሉም፣ ተቃጥሏል። ሁለቱንም ቀየርኩና ማጣበቂያው እስኪደርቅ አሳደርኩት። በነጋታው ጠዋት ደሴ ጉም ውስጥ ነበረች፣ ጦሳ ጭራሽ አይታይም። ሞባይሌን ሰካሁና መጀመሪያ የመጣልኝን ከፈትኩ። ይኸው አልበም ሆነ።

ኮይል ስቀይር ሥራዬን የማረጋግጠው በእጄ ነው። መዳፌን ወረቀቱ ላይ በስሱ አደርጋለሁ፣ የሚፋተግ ነገር ካለ ከጆሮ በፊት እጅ ያውቀዋል። ቤዙ፣ ያ ወፍራሙ የጊታር ድምፅ፣ ሲመጣ መዳፌን ገፋ አደረገው። መለሰው። እንደገና ገፋው። ያችኑ ጥቂት ኖታ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ክብደት። ሌላው መሣሪያ ሁሉ ከላይ ይጯጯኻል፣ ይገባል፣ ይወጣል፣ እሱ ግን ንቅንቅ የለም። እጄን ሳላነሳ ብዙ ቆየሁ። ለካ እስከዚያ ቀን ድረስ ሙዚቃውን ከላይ ነበር የምጀምረው፣ ከትራምፔቱ። የአልበሙ ባለቤት ትራምፔት ነፊ ነው ሲባል ሰው ትራምፔቱን ይጠብቃል፣ እሱን ሲያጣ ይናደዳል። ይህ አልበም የሚሰማው ከሥር ወደ ላይ ነው። ልነግራችሁ የፈለግኩት ዋናው ነገር ይህ ነው።

ለማታውቁት፣ ማይልስ ዴቪስ በ1926 ኢሊኖይ ውስጥ የተወለደ፣ በ1991 ያረፈ አሜሪካዊ የጃዝ ትራምፔት ተጫዋች ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ በኛ ሲሆን እናገራለሁ።) ብዙ ሰው የሚያውቀው በ1959 ባወጣው «ካይንድ ኦፍ ብሉ» ነው። እሱ ዝግ ያለ፣ አየር ያለው፣ ማታ መብራት ቀንሰው የሚሰሙት ሥራ ነው። ከዚያ ተነስቶ ቀጥታ ወደዚህኛው የሚመጣ ሰው ይደነግጣል። እኔም የደነገጥኩት እንደዚያ መጥቼ ነው።

«ኦን ዘ ኮርነር» ማለት መንገድ ጥግ ላይ እንደማለት ነው። ኮሎምቢያ የሚባለው አሜሪካዊ የሸክላ ኩባንያ ያወጣው በኦክቶበር 1972 ነው። በኛ ጥቅምት 1965 መሆኑ ነው።

ጥቅምት 1965 ስል ወሎ ሆናችሁ የምታነቡኝ ምን እንደሚታወሳችሁ አውቃለሁ። የረሃቡ ዘመን ነው። እኛ ቤት ያ ጊዜ በቁጥር አይጠራም፣ «ያን ጊዜ» ብቻ ነው የሚባለው፣ ሁሉም ይገባዋል። ከሙዚቃው ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ግን ቀኑን ጽፌ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

ወደ አልበሙ ልመለስ። ማይልስ ያኔ 46 ዓመቱ ነው። የጥቁር አሜሪካውያን ወጣቶች ጆሮ ከጃዝ ርቆ ወደ ፈንክ፣ ወደነ ጄምስ ብራውንና ስላይ ስቶን ሙዚቃ ሄዷል። ማይልስ እነዚያን ልጆች ፈለጋቸው። እዚያው ጃዝ ክለብ ውስጥ ተቀምጦ «ኑ» አላላቸውም፣ እሱ ራሱ ተነስቶ ወደነሱ ሄደ። ፈንክ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ባጭሩ፦ ምት ዜማን የሚያዝበት ሙዚቃ ነው። ቤዙ ትንሽ ነገር ይይዛል፣ ድራሙ ትንሽ ነገር ይይዛል፣ ጊታሩም እንደዚያው፣ ሁሉም የያዛትን ይደጋግማታል። ለየብቻቸው ሲሰሙ ምንም አይደሉም። ሲገጣጠሙ ግን ሰው ተቀምጦ መቆየት ያቅተዋል።

ሌላም ቅመም አለበት። ፖል ባክማስተር የሚባል እንግሊዛዊ ቼሎ ተጫዋችና አቀናባሪ አብሮት ይሠራ ነበር፣ እሱ የሽቶክሃውዘንን ሙዚቃ አሰማው። ሽቶክሃውዘን ጀርመናዊ ነው፣ ድምፅን በኤሌክትሮኒክስ የሚያበጣጥስና የሚገጣጥም አቀናባሪ። እንግዲህ አንድ ድስት ውስጥ የጄምስ ብራውን ምትና የሽቶክሃውዘን አስተሳሰብ አብረው ገቡ፣ በላዩ ላይ ሲታር የሚባለው የህንድ ባለ ክር መሣሪያና ታብላ የሚባለው የህንድ ከበሮ ተጨመረ። በወሬ ሲሰማ የማይሆን ይመስላል። ሆኗል።

ቤዙን የሚጫወተው ማይክል ሄንደርሰን ነው። ያኔ ሃያ ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ ነው፣ የመጣውም ከጃዝ ቤት ሳይሆን ከነስቲቪ ዎንደር ዘንድ ነው። ለኔ የዚህ አልበም ትልቁ ሰው እሱ ነው። ስንት አንቱ የተባለ ሙዚቀኛ ከላዩ ላይ ሲወራጭ አንድ ወጣት ያቺኑ ሐረግ ይዞ አለመነቃነቅ ቀላል ነገር አይደለም። እጅ ያሳክካል። አንድ ኖታ ልጨምር፣ ትንሽ ላሳምር ያሰኛል። እሱ አልጨመረም። የሰፈራችን ቤዝ ተጫዋቾች ይህን አልበም ቢሰሙት ደስ ይለኛል፣ ሠርግ ላይ ሙዚቃው የሚላላው ብዙ ጊዜ ቤዙ ማጌጥ ሲያምረው ነው።

ሌሎቹም ቀላል ሰዎች አይደሉም። ኪቦርድ ላይ ኸርቢ ሃንኮክና ቺክ ኮሪያ አሉ፣ ድራም ላይ ጃክ ዲጆኔት፣ ጊታር ላይ ጆን ማክላፍሊን፣ ታብላ ላይ ባዳል ሮይ። የሚገርመው፣ ሸክላው መጀመሪያ ሲወጣ የአንዳቸውም ስም ልባሱ ላይ አልተጻፈም። ቢጫ መደብ ላይ በካርቱን የተሳሉ የሰፈር ሰዎች አሉ፣ ሥዕሉ የኮርኪ ማኮይ ነው፣ የሙዚቀኞች ዝርዝር ግን የለም። ይህን አልወድለትም። የሠራ ሰው ስሙ ይጻፍለት። እኛም አገር ስንት ካሴት ላይ የዘፋኙ ፎቶ ብቻ ወጥቶ ሳክስ የነፋው፣ ኦርጋን የተጫወተው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ቀርቷል። በኋላ በወጡት ቅጂዎች ላይ የተጫዋቾቹ ስም ገብቷል፣ ጥሩ ነው፣ ያኔ ግን መግባት ነበረበት።

የመጀመሪያው ሙዚቃ 20 ደቂቃ ገደማ ነው፣ አራት ርዕስ አንድ ላይ ተቀጥሎለታል። መግቢያ የለውም። የጎረቤት በር ድንገት ሲከፈት ወሬው መሐል ላይ እንደምትደርሱት ነው፣ እነሱ ቀድመው ጀምረዋል፣ እናንተ ናችሁ የዘገያችሁት። መጀመሪያ ላይ ሶፕራኖ ሳክስ የሚነፋው ዴቭ ሊብማን ነው። ሰውዬው ሐኪም ቤት ሳለ ነው በስልክ ተፈልጎ ወደ ስቱዲዮ የሮጠው። ሲደርስ ቀረጻው ተጀምሯል። የኤሌክትሪክ መሣሪያዎቹ በቀጥታ ወደ መቅረጫው ተሰክተዋል፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አልተደረገለትም፣ ስለዚህ የሚሰማው የከበሮውን መዓት ብቻ ነው። ቅኝቱን እንኳ ሳያውቅ ነፋ። ይህን ካወቅኩ በኋላ መልሼ ሳዳምጠው ሳክሱ ጨለማ ቤት ውስጥ ግድግዳ እየዳበሰ እንደሚሄድ ሰው ሆነብኝ። በጣም ነው የወደድኩት። ተዘጋጅቶ ቢገባ ኖሮ እንደዚያ የሚነፋ አይመስለኝም።

ይህን 20 ደቂቃ የት ልስማው ካላችሁኝ ሐረጎ ላይ ስሙት። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት ጥግ ተቀመጡ፣ ጆሮ ማዳመጫ ሰኩ፣ መኪናው መውጫውን ሲይዝ ክፈቱት። እኔ ዕቃ ለመግዛት ስወርድ እንደዚያ አደርጋለሁ። ደሴን ስትለቁ ብርድ ነው፣ ጋቢ የለበሰ ሰው አጠገባችሁ አለ። ሐረጎን ስትወርዱ ጠመዝማዛው ይጀምራል፣ ሾፌሩ ማርሽ ይቀንሳል፣ መኪናው ወደ ግራ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ ቤዙ ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። እየወረዳችሁ ስትሄዱ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ሰው ኮቱን ማውለቅ ይጀምራል። በዚህ ሁሉ መሐል ያቺ ሐረግ አትለወጥም። መንገዱ ነው የሚለወጠው። ሙዚቃውም እንደዚያ ነው፣ መሬቱ አንድ ነው፣ በመስኮት የሚታየው ነው ሌላ ሌላ የሚሆነው።

ሁለተኛው ሙዚቃ «ብላክ ሳቲን» ይባላል፣ ከ5 ደቂቃ ትንሽ ያልፋል። አልበሙን ሙሉ ለመስማት ጊዜ የሌለው ይህን ብቻ ይስማ። በታብላና በሲታር ይከፈትና ምቱ ግጥም ብሎ ይገባል። ቃጭል አለ። ጭብጨባ አለ። ጭብጨባው ምቱ ላይ ልክ አይወድቅም፣ እያሳለፈ፣ እየተሻገረ ነው የሚመታው። ትራምፔቱም እዚህ ላይ ዜማ ይዞ ይመጣል፣ አጭር፣ አፍ ላይ የሚቀር ዜማ።

ስለ ጭብጨባው ትንሽ ልቆይ። አያቴ ቤት ሐሙስ ማታ ሐድራ፣ የመንዙማና የዱዓ ስብሰባ፣ ነበር። እኔ ልጅ ሆኜ ጥግ ላይ በርኖስ ተጠቅልዬ ነው የምሰማው። አንዱ መንዙማውን ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ ድቤው ይመታል፣ ጭብጨባው ይከተላል። ያቺው ስንኝ ትደጋገማለች። አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። መጀመሪያ ላይ ልጅ ስለሆንኩ ይሰለቸኝ ነበር፣ «መቼ ነው የሚያልቀው» እላለሁ። ከዚያ የሆነ ሰዓት ላይ፣ መቼ እንደሆነ ሳላውቀው፣ መሰልቸቱ ይጠፋል። ድግግሞሹ ቤት ይሆናል። ውስጡ ሆኜ ትንንሽ ነገር መስማት እጀምራለሁ፣ የአንዱ ድምፅ ሲሻክር፣ የአንዱ መዳፍ ከሌሎቹ ትንሽ ሲዘገይ፣ ድቤው ላይ ጣት ሲያልፍ። ወሎ ያደገ ሰው፣ ጀማ ንጉሥ ለመውሊድ የሄደ ሰው፣ የምለው ወዲያው ይገባዋል።

አምልኮና ዘፈን አንድ ነው እያልኩ አይደለም፣ ማንም እንዲያ ብሎ እንዳይወስደው። ዱዓ ዱዓ ነው። እኔ የማወራው ስለ ጆሮ ነው። «አንድ ነገር ለምን ይደጋግማሉ» ብሎ የማይቸኩል ጆሮ ወሎ ውስጥ አለ፣ ከአያቶቻችን ተቀብለነዋል። ያኔ የጃዝ ሐያስያን ይህን አልበም አልወደዱትም፣ ሽያጩም ጥሩ አልነበረም። ዋናው ቅሬታቸው ይደጋገማል፣ ትራምፔቱ አይሰማም፣ ዜማው አያድግም የሚል ነበር። እነሱ የለመዱት ሙዚቃ እንደ ታሪክ ከዚህ ተነስቶ እዚያ ይደርሳል። የኛ መንዙማ ግን የትም አይሄድም፣ እዚያው ሆኖ ይጠልቃል። ስለዚህ የደሴ ሰው ይህን አልበም ከእነዚያ ሐያስያን ይልቅ ለመስማት የቀረበ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሱቄ አጠገብ ቡና የምታፈላ ጎረቤት አለችኝ። እትዬ ነው የምላት፣ ለእናቴ የምትቀርብ ሰው ናት። መጀመሪያ ሰሞን «ኧረ ይሄን ጫጫታ ዝጋልኝ የኔ ልጅ፣ ደንበኛ አባረርክብኝ» አለችኝ። ዘጋሁት። አንድ ቀን «ብላክ ሳቲን» ሲመጣ ሲኒ እያጠበች ነበር። ዝም ብዬ አየኋት። ጭብጨባው ሲጀምር ሲኒዎቹን ረከቦቱ ላይ ስትደረድር እጇ ምቱን ይዞ ነበር፣ አንድ ሲኒ ቀጭ፣ ትንሽ ቆይቶ ሌላው ቀጭ። «እትዬ፣ ይሄኛውስ?» አልኳት። «ይሄ የጭብጨባው ይሻላል፣ ሰው ሰው ይላል» አለች። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ሙዚቃ የተሻለ አስተያየት አልሰማሁም።

አሁን ድክመቱን ልናገር። ሁለተኛው የሸክላ ገጽ ላይ ሁለት ሙዚቃ አለ፣ «ዋን ኤንድ ዋን» 6 ደቂቃ ያህል፣ ቀጥሎ ደግሞ «ሔለን ቡት» እና «ሚስተር ፍሪደም ኤክስ» ተቀጥለው ከ23 ደቂቃ በላይ። ሁለቱም የሚሄዱት በዚያው በ«ብላክ ሳቲን» ቤዝ ላይ ነው። ማለትም ያቺ አንድ የቤዝ ሐረግ ከግማሽ ሰዓት በላይ ትሰማለች። እስከ «ዋን ኤንድ ዋን» ድረስ ደስ ይለኛል፣ ቤዝ ክላሪኔቱ ከሥር ሲያጉረመርም ግሩም ነው። የመጨረሻው ግን ለኔ ይረዝማል። መሐሉ ላይ የሚሳሳበት ቦታ አለ፣ ሁሉም የሚጠባበቅ፣ ማንም የማይናገርበት። ሐድራ ላይ እንደዚህ ሲሆን አውጪው ስንኝ ይለውጣል፣ ሰውን ያነቃዋል። እዚህ ያንን የሚያደርግ ሰው ጠፍቷል። 23ቱ ደቂቃ 15 ቢሆን አልበሙ የበለጠ ይጠነክር ነበር ብዬ አስባለሁ። ፕሮዲዩሰሩ ቴዮ ማሴሮ ቴፕ እየቆረጠ በመቀጠል የታወቀ ሰው ነው፣ እዚህ ላይ ምላጩ ትንሽ ቢጨክን ጥሩ ነበር።

ትራምፔቱስ? አለ፣ ግን እንደለመዳችሁት አይደለም። ማይልስ ትራምፔቱን ከኤሌክትሪክ ጋር አያይዞ በዋዋ ፔዳል ነው የሚያሳልፈው፣ የጊታር ተጫዋቾች በእግራቸው የሚረግጡት ያ ዕቃ። ስለዚህ ድምፁ ይታፈናል፣ ይከፈታል፣ ሰው ሊናገር ፈልጎ ቃል ያጣ ይመስላል። እዚህ ሀገር ጥሩምባ ሲባል ብዙዎቻችን ቀድሞ የሚመጣብን ባንድ አይደለም፣ የዕድሩ ጥሩምባ ነው። ሊነጋጋ ሲል፣ ገና አልጋ ላይ ሳላችሁ፣ ከሩቅ ይሰማል። ቃሉን አትለዩትም። ነፋሱ አንዴ ያቀርበዋል፣ አንዴ ይወስደዋል። ግን ከድምፁ ብቻ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ እናት ነጠላዋን መፈለግ ትጀምራለች። ማይልስ እዚህ አልበም ላይ የሚነፋው ለኔ እንደዚያ ነው የሚሰማኝ። ከጫጫታው ጀርባ፣ ከሁለት መንደር ማዶ፣ ቃሉ ያልተለየ። ለዚህ ነው ድምፁ ለምን ጎልቶ አልወጣም ብዬ የማልከራከረው። ቀርቦ ቢነፋ ያ ስሜት አይኖርም።

ብዙ ሰው ይህን አልበም ሲሰማ «ከኛ የኢትዮ ጃዝ ጋር ይገናኛል ወይ» ይለኛል። አንድ ደስ የሚል መገጣጠም አለ። ሙላቱ አስታጥቄ «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» የሚለውን አልበሙን ያወጣው በዚያው በ1972 ነው፣ የተቀረጸውም እዚያው ኒውዮርክ ነው። አንድ ከተማ፣ አንድ ዓመት፣ ሁለቱም ጃዝን ይዘው ወደ ፈንክ የሄዱ ሰዎች። መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው። ሙላቱ ቅኝታችንን ይዞ ሄደ፣ ዜማው ፊት ለፊት ነው፣ ሁለት ጊዜ ከሰማችሁት ታንጎራጉሩታላችሁ። ማይልስ ዜማውን ቀንሶ ቀንሶ ምቱን ብቻ አስቀረ። ባቲና አምባሰልን በስማችን ላስጠራን ለኛ ሰዎች ቅኝት የሌለው ሙዚቃ ባዶ ሊመስል ይችላል፣ እኔም መጀመሪያ የጎደለኝ እሱ ነበር። ሁለቱን አልበሞች በአንድ ቀን አከታትላችሁ ብትሰሟቸው ሁለቱም ይበልጥ ይገቧችኋል። ሙላቱን አስቀድሙ።

አሁን ስለ ድምፅ ጥራት፣ ይህ ሙያዬ ስለሆነ ዝም አልልም። መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ያቋረጥኩት በሙዚቃው ብቻ አልነበረም። ዘፈን ከሚጭን አንድ ሱቅ ሜሞሪ ላይ አስጭኜ ነው የሰማሁት። ፋይሉ በጣም ተጨምቋል። ቃጭሉ እንደ ዘይት መጥበሻ ይንጫጫል፣ ታብላው ጠፍቷል፣ የመጨረሻው ሙዚቃ ደግሞ መሐል ላይ ተቆርጧል። ብሬን ከፍዬ ጎዶሎ ነገር ይዤ ገባሁ፣ ስመለስ «ሁሉም እንደዚያ ነው» ተባልኩ። ሁሉም እንደዚያ አይደለም። በኋላ ከዋናው ቅጂ ስሰማው ሌላ አልበም ነበር። ይህ ሥራ ሃያ ነገር ባንድ ላይ የሚንቀሳቀስበት ነው፣ ፋይሉ ሲጨመቅ መጀመሪያ የሚሞተው ያ ትንንሹ ነገር ነው፣ ያ ሲሞት ደግሞ የሚቀረው ጫጫታ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሕጋዊ የሙዚቃ መተግበሪያ ላይ በጥሩ ጥራት አውርዱት፣ ወይ ሲዲውን ውጭ ካለ ዘመድ አስልኩ።

በሞባይል ስፒከር ግን በፍጹም አትስሙት። የሞባይል ስፒከር ቤዝ አያወጣም፣ ይህ አልበም ደግሞ ቤዙ ከሌለ የለም። ውድ ዕቃ አያስፈልግም፣ አብሽሩ። ደህና የሽቦ ጆሮ ማዳመጫ ይበቃል። ስፒከር ካላችሁ ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል አርቁት፣ ጥግ ላይ ከተቀመጠ ቤዙ ይድበለበላል፣ የሄንደርሰን ጣት አይለይም። ኢኳላይዘሩን ቤዝ ላይ አትጨምሩ፣ በቂ አለው። ልጨምር ካላችሁ ከላይ ትንሽ ጨምሩ፣ ቃጭሉና የድራሙ ሳህን ይጠራሉ።

ማን ይስማው? ድራም፣ ቤዝ ወይም ከበሮ የሚጫወት ሁሉ ይስማው። ሂፕሆፕ የሚወዱ ልጆች ይስሙት፣ የሚወዱት ነገር ሥሩ የት እንደሆነ ያገኙታል። ማታ ተረጋግቶ መተኛት ለሚፈልግ አልመክርም። እንግዳ ቤት ሲመጣም አትክፈቱት፣ ወሬ ይረብሻል፣ ይህ ሙዚቃ ከሰው ጋር አይጋራችሁም፣ ሙሉ ጆሮ ይፈልጋል። ሥራ ላይ፣ እጅ ሲንቀሳቀስ ግን ይስማማል። ኮይል ስጠመጥም ከፍቼው እጄ ከምቱ ጋር ሲሄድ ሰዓቱ አይታወቀኝም።

የአሰማም ቅደም ተከተል ከፈለጋችሁ፣ ከሁለተኛው ከ«ብላክ ሳቲን» ጀምሩ። ጭብጨባውን ተዉትና ቤዙን ብቻ ያዙ፣ እስኪያልቅ ከእሱ አትውጡ። ወዲያው መልሳችሁ ከፍታችሁ አሁን ጭብጨባውን ብቻ ስሙ። ከዚያ ነው ወደ መጀመሪያው 20 ደቂቃ የምትሄዱት። የሁለተኛውን ገጽ በሌላ ቀን አድርጉት። አልበሙ ሙሉው 55 ደቂቃ ያህል ነው፣ ባንድ ጊዜ መጨረስ ግዴታ የለበትም። ከወደዳችሁት ደግሞ በ2007 የዚያን ዘመን ቅጂዎች አንድ ላይ በስድስት ሲዲ አውጥተዋቸዋል፣ ሙዚቀኞቹ ስቱዲዮ ውስጥ በረጅሙ ሲጫወቱ የተቀረጸው እዚያ ላይ ይገኛል። እኔ ሦስተኛው ሲዲ ላይ ደርሻለሁ።

ያ የኮምቦልቻው ስፒከር ባለቤት መጥቶ ወሰደው። ሲሞክረው የሠርግ ዘፈን ልከፍትለት ስል «ቅድም በር ላይ የሰማሁትን ክፈትልኝ» አለኝ። ከፈትኩለት። እሱም መዳፉን ወረቀቱ ላይ አደረገ።